እንዴት አደርሽ? በበረዶ ወራት ወፎችን በመስኮት ስለማየት

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን በደህና መጣችሁ።

ሰው ከሰው ጠዋት ሲገናኝ "እንዴት አደርሽ?" ይላል። ብዙ ጊዜ መልሱን እንኳ በቅጡ ሳንሰማ እናልፋለን። ሰውየው መቼም አድሯል፤ ፊታችን ቆሟል። እኔ ግን መስኮቴ ፊት የወፍ መመገቢያ ከሰቀልኩ ወዲህ ይህ ሰላምታ የምር ጥያቄ ሆኖብኛል። የምጠይቃት ወፍ በሰላም ማደሯ የተረጋገጠ ነገር አይደለምና።

ስሟ ቺካዲ ነው። ጥቁር ቆብ የደፋች፣ ጉንጯ ነጭ፣ ጉሮሮዋ ጥቁር የሆነ፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የምትኖር ደቃቃ ወፍ ናት። ክብደቷ 11 ወይም 12 ግራም ቢሆን ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። አውሮፓ ውስጥ ያሉት ዘመዶቿ ቲት ይባላሉ፤ ዛሬ ከምናገረው አብዛኛው ለእነሱም ይሠራል።

አንድ ነገር ላጥራ። ክረምት ስል የዝናቡን ወራት ማለቴ አይደለም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን፣ ምድር በረዶ የሚለብስበትን ጊዜ ነው። ዓመቶቹንም የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አሁን ስለ አንድ ጠዋት ልንገራችሁ። የሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች 22 ያሳያል። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። የመስኮቱ ጥግ ጥጉ በረዶ ሠርቷል። በጠራው በኩል ዓይኔን አስጠግቼ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የመጣችው ቺካዲ ጭራዋ ጠሟል። ልክ እንደታጠፈ ወረቀት ወደ ጎን ዞሯል። ተጎድታ መሰለኝ። ድመት ያገኛት መሰለኝ። ሁለተኛዋ መጣች፤ የእሷም ጠሟል። ቀትር ላይ ተመልሼ ሳይ ግን ጭራው የጠመመ አንድም ወፍ የለም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቺካዲ በብርድ ሌሊት የምታድረው የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ግንደ ቆርቁር ቆፍሮ የተወው ጉድጓድ ወይም የበሰበሰ ግንድ ይሆናል። ቦታው ከመጥበቡ የተነሳ ጭራዋ ግድግዳው ላይ ተጣጥፎ ያድራል። ሰው የትራሱን መስመር ጉንጩ ላይ ይዞ እንደሚነሳ፣ እሷም የመኝታዋን ምልክት ይዛ ትመጣለች።

ሽንቁሩ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ አለ። የወፊቱ የቀን ሙቀት 42 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማታ ሰውነቷ ይህንን ዝቅ ያደርገዋል፤ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ሰው ሰውነቱ 30 ዲግሪ ቢደርስ ነፍሱ አደጋ ላይ ናት። እሷ ግን ፋኖስ ክሩን ዝቅ አድርጎ እንደሚያድር ነው የምታድረው። ላባዋን ነፍታ ኳስ ትመስላለች። በላባው መሃል የታሰረው አየር ብርዱን ይከለክልላታል። ጡንቻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሙቀት የሚሰጣት ያ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ነዳጅ ቀን የበላችው ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከክብደቷ አንድ አስረኛ ያህል ስብ ታጠራቅማለች። በአንድ ሌሊት አቃጥላ ትጨርሰዋለች። ጎህ ሲቀድ ጎተራው ባዶ ነው። ከእጅ ወደ አፍ የሚባለው ኑሮ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ጭራዋ ጠሞ ስትመጣ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው። አድራለች።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን አሁኑኑ ላንሳው። "እኛ ባንመግባቸው ይሞታሉ?" የሚለውን። ማርጋሬት ብሪቲንግሃም እና ስታንሊ ቴምፕል የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ የቺካዲዎች እግር ላይ ቀለበት እያሰሩ ይህንኑ ተከታትለዋል። ውጤታቸውን ያወጡት በ1988 ነው። መመገቢያ ካለበት አካባቢ ክረምቱን በሕይወት ያለፉት 69 በመቶ ነበሩ። ከሌለበት ደግሞ 37 በመቶ። ልዩነቱ የታየው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ብርዱ ከዜሮ በታች ከ18 ዲግሪ እየወረደ በሰነበተባቸው ወራት ነው። ለዘብ ባለ ክረምት መመገቢያው ኖረም አልኖረም ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል።

ቀጥለው ደግሞ ሌላ ነገር ሞከሩ። ለዓመታት እህል የለመዱ ወፎች አካባቢ መመገቢያውን አነሱት። ወፎቹ ምን ሆኑ? ምንም አልሆኑም። መመገቢያ አይተው ከማያውቁት እኩል ከረሙ። ለካ መመገቢያ እያለም ከዕለት ጉልበታቸው ከዚያ የሚያገኙት አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን የዛፍ ቅርፊት እየፈለፈሉ፣ የተደበቀ ሸረሪትና የነፍሳት እንቁላል እየለቀሙ ነው የሚኖሩት።

ይህንን የምነግራችሁ ልባችሁን ላቀዘቅዝ ብዬ አይደለም። ሸክም ላቀልላችሁ ነው። ለጉዞ ብትወጡ ወፎቹ አያልቁም። ውለታ እየዋልንላቸው ነው ብለንም ልባችን ማበጥ የለበትም። ከዚህ መመገቢያ የበለጠ የምናገኘው እኛ ነን። ዱር ውስጥ ከሰዓታት ጥበቃ በኋላ ለቅጽበት የሚታይ ፍጥረት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ይመጣልናል። እንዲህ ካልን ግን ዕዳውም የእኛ ነው። በተፈጥሮ ተበታትነው የሚመገቡ ወፎችን አንድ ገበታ ላይ የሰበሰብነው እኛ ነን። እዚያ ገበታ ላይ ለሚሆነው ነገር ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። ስለዚህ ዛሬ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። ካላያችሁ አትስቀሉ። እህል ሞልቶ ሳያዩ መሄድ ምንም ካለመስቀል የባሰ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ወደ ኋላ ትረዱኛላችሁ።

እስቲ መጀመሪያ ስለማየቱ እናውራ።

ሃያ ደቂቃ ስጡት። ስልክ ሳትነኩ፣ ቁጭ ብላችሁ። ቺካዲዋ ቱር ብላ ትመጣለች። አንድ የሱፍ አበባ ፍሬ ታነሳለች። አንዳንዴ ጥላ ሌላ ታነሳለች፤ ቀላሉን ትታ ከባዱን እየመረጠች ነው። ይዛ ትበራለች። አትቀመጥም። ቅርንጫፍ ላይ ፍሬውን በሁለት እግሯ መሃል ትቆነጥጠዋለች። ከዚያ በምንቃሯ ትቀጠቅጠዋለች፤ ጠክ ጠክ ጠክ። ቅርፊቱ ሲፈነከት ውስጡን አውጥታ ትበላለች። እናም እንደገና።

ፊንች የሚባሉት ደግሞ ሌላ ናቸው። መጥተው ይቀመጣሉ። ምንቃራቸው ወፍራም ነው። ፍሬውን አፋቸው ውስጥ አገላብጠው ይሰነጥቁታል፤ ቅርፊቱ በአፋቸው ጎን ይረግፋል። ከመመገቢያው ንቅንቅ አይሉም። ይህንን ልዩነት ያዙልኝ። አንዷ ወስዳ ትሄዳለች፣ ሌላው ተቀምጦ ይበላል። በኋላ በሽታ ስናነሳ ትልቅ ቁምነገር ይሆናል።

ቺካዲዋ የወሰደችውን ሁሉ አትበላም። ብዙውን ትደብቃለች። አንዱን ፍሬ ቅርፊት ስር፣ አንዱን የዛፍ ሽበት መሃል፣ አንዱን የዛፍ ስንጥቅ ውስጥ። ሁለት ፍሬ አንድ ቦታ አታኖርም። በመቶ የሚቆጠር ፍሬ በየቦታው ትቀብርና ከሳምንታት በኋላ ሄዳ ታወጣዋለች። ቦታን የሚያስታውሰው የአንጎል ክፍሏ እንደ እሷ ከማይደብቁ ወፎች ሲነጻጸር ትልቅ ነው። እኔ የመኪና ቁልፍ የት እንዳኖርኩ ስፈልግ እሷን አስባታለሁ።

ሌላም ነገር ታያላችሁ። ወረፋ አለ። አራት አምስት ቺካዲዎች አብረው ይዞራሉ፤ ከመካከላቸው ግን አለቃ አለች። አለቃዋ ስትመጣ ሌላዋ ቦታ ትለቃለች። ድብድብ የለም። ትንሽ ጠጋ ማለት፣ ላባ መንፋት ይበቃል። የበታቿ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ተራዋን ትጠብቃለች። ይህ ወረፋ በብርድ ቀን ሕይወት ነው። ቀድሞ የሚበላና ዘግይቶ የሚበላ ሌሊቱን እኩል አያድሩም።

ድምፃቸውን ደግሞ አዳምጡ። ስማቸው የወጣው ከጩኸታቸው ነው፤ ቺካ ዲ ዲ ዲ ይላሉ። በ2005 የወጣ ጥናት ያሳየው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። መጨረሻ ላይ ያለው "ዲ" ቁጥሩ ትርጉም አለው። አደጋው ሲከፋ ዲዎቹ ይበዛሉ። እና ለቺካዲ የከፋው አደጋ ትልቁ ጉጉት አይደለም። ትልቅ ጉጉት ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየተጠማዘዘ ሊይዛት አይችልም። ድንክዬው ጉጉት ግን ይችላል። ስለዚህ ለትንሹ ጉጉት ብዙ ዲ፣ ለትልቁ ትንሽ ዲ። ይህንን ቋንቋ ሌሎቹ ወፎችም ይሰሙታል። ነትሃች የምትባለው፣ ግንድ ላይ ቁልቁል በጭንቅላቷ የምትወርደው ወፍ፣ የቺካዲን ጩኸት ሰምታ የአደጋውን መጠን ትለያለች።

አንድ ቀን ይህንን በዓይኔ አየሁ። መመገቢያው ላይ ግርግር ነበር። ድንገት አንድ ቀጭን፣ ሹል ድምፅ ተሰማ። በቅጽበት ሁሉም ብትን አሉ። ጭር አለ። ሞራ ላይ የነበረችው ትንሿ ግንደ ቆርቁር ግን አልበረረችም። ባለችበት ደርቃ ቀረች። አንገቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ደቂቃ እንደዚያው ነበረች። ምን እንዳየች ያወቅኩት ዓይኔን ወደ አጥሩ ሳዞር ነው። ጭልፊት ተቀምጧል። ደረቱ የተዥጎረጎረ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ። ለእሱ ቶሎ የምትታየው የምትንቀሳቀስ ነገር ናት። ግንደ ቆርቁሯ ይህንን ታውቃለች።

ሰዎች ጭልፊት ሲመጣ ይቆጣሉ። እኔ አልቆጣም። እሱም ክረምቱን መክረም አለበት፤ ደግሞም ብዙውን ጊዜ ስቶ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። በየቀኑ መመላለስ ከጀመረ ግን መመገቢያውን አንድ ሁለት ሳምንት አንሱት። ወፎቹ ይበተናሉ፣ እሱም ሌላ ቦታ ይሄዳል። መመገቢያው ከቁጥቋጦ ሦስት ሜትር ገደማ ቢርቅ ጥሩ ነው። ሮጠው ሊደበቁበት ይቀርባል፤ ድመት አድፍጣ ለመዝለል ግን ይርቃታል።

ስለ እህሉ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ብቻ ከተባለ ጥቁር ሱፍ ነው። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ቅባቱ ብዙ ነው፣ አብዛኛው ወፍ ይወደዋል። ለግንደ ቆርቁርና ለነትሃች ሞራ ስቀሉ። ለውዝ ከሰጣችሁ ጨው የሌለው፣ ሻጋታ ያልነካው ይሁን። ዳቦ አትስጡ፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ሌሊት አያሳድርም። ርካሽ ድብልቅ ውስጥ የሚበዛው ቀይ ማሽላ ደግሞ ለብዙዎቹ አይጥማቸውም። በምንቃራቸው ወዲያ ወዲህ እየበተኑ ይጥሉታል። መሬት ላይ ይበሰብሳል፣ አይጥ ይጠራል።

ኑግን ግን ሳላነሳ አላልፍም። ጎልድፊንች የምትባለው ወፍ ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው ኑግ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ጊዞሺያ አቢሲኒካ ነው፤ ትውልዱ የት እንደሆነ ስሙ ራሱ ይናገራል። ወደ አሜሪካ ሲገባ እንዳይበቅል በሙቀት ይታከማል። መመገቢያውም ልዩ ነው፤ ቀዳዳው እንደ መርፌ ዓይን የጠበበ፣ ቀጭን ምንቃር ብቻ የሚገባበት። ኑግ ቶሎ ይደርቃል። ጎልድፊንቾች ድንገት ከቀሩባችሁ አንድ ፍሬ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ በጥፍራችሁ ጨፍልቁት። ቅባት ካልተወ አርጅቷል ማለት ነው። እነሱ እናንተ ሳታውቁ አውቀውታል።

እነዚህ ጎልድፊንቾች ክረምት ላይ ቢጫ አይደሉም። አመድማ ወይራ ናቸው፤ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ወደ ክረምቱ መጨረሻ ወንዶቹ ጉሮሯቸው አካባቢ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣሉ። በየሳምንቱ ትንሽ ይጨምራል። ምድሩ ገና በረዶ እያለ የወቅቱን መለወጥ የሚያሳየኝ ያ ነጠብጣብ ነው።

አሁን ወደ መቁጠር ልምጣ። ማየትና መቁጠር ይለያያሉ። ስትቆጥሩ ነው ልብ የምትሉት።

የመቁጠር ልማድ ረጅም ታሪክ አለው። በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ አጥኚ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በዚያን ጊዜ ሰዎች በገና ቀን ጎራ ለይተው ማን ብዙ እንደሚገድል በአደን ይወዳደሩ ነበር። እሱ "በመግደል ፈንታ እንቁጠር" አለ። በመጀመሪያው ዓመት 27 ሰዎች በ25 ቦታ ቆጠሩ። ያ ቆጠራ ዛሬም አለ። መመገቢያ ላይ ያተኮረው ደግሞ በ1976 ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ በኤሪካ ደን ተጀመረ። በ1987 ክረምት መላ ሰሜን አሜሪካን አዳረሰ፤ ፊደርዋች ይባላል። ብሪታንያ ውስጥ በ1979 ለልጆች ተብሎ የተጀመረ የአንድ ሰዓት ቆጠራ አለ። በየዓመቱ በጥር መጨረሻ ይካሄዳል።

የእነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሕግ አንድ ነው፤ አትደምሩ። ጠዋት ሦስት ቺካዲ አየሁ፣ ቀትር ላይ አራት፣ ማታ ሁለት። ስንት ልጻፍ? ዘጠኝ አይደለም። አራት ነው። በአንድ ጊዜ አብረው የታዩት ትልቁ ቁጥር። የጠዋቶቹ ሦስቱ ከቀትሮቹ አራት ውስጥ ይሁኑ አይሁኑ አታውቁማ። መጀመሪያ ላይ ይህ ሕግ ያሳዝናል። ብዙ ወፍ አይቶ ትንሽ መጻፍ ይከብዳል። ግን ሐቀኛ ቁጥር እሱ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ሕግ ሲቆጥሩ ከዓመት ዓመት የሚነጻጸር ነገር ይገኛል።

ከቆጠራ የተገኘው ደግሞ ደስ የሚል ብቻ አይደለም። በ2019 የወጣ ጥናት ከ1970 ወዲህ ሰሜን አሜሪካ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎችን አጥታለች ይላል። የጠፉት ብርቅ የሆኑት ብቻ ቢሆኑ አንድ ነገር ነው። ጀንኮ የምትባለው፣ ከበረዶው ጋር መጥታ መሬት ላይ የወደቀውን የምትለቅመው፣ ሁሉም ሰው መስኮት ስር ያለችው ወፍ ብቻዋን ከ160 ሚሊዮን በላይ ቀንሳለች። ብሪታንያ ውስጥም ድንቢጥ በየዓመቱ በብዛት አንደኛ ብትወጣም፣ በዚያ ቆጠራ ላይ የምትታየው ከ1979 ከነበረው በግማሽ ያነሰ ነው። በዝታ ስለምናያት ያለች ይመስለናል። ያልቆጠረ ሰው መጉደሏን አያውቅም።

በሽታውን አሁን ላንሳ። ከባዱ ይሄ ነው።

አንድ የካቲት ላይ ጭልፊቱ መጥቶ ሁሉም ተበተኑ። አንድ ሃውስ ፊንች ግን ቀረ። እንደ ግንደ ቆርቁሯ ደርቆ አይደለም። ዝም ብሎ ይበላል። ላባው ተነፍቷል። ጠጋ ብዬ በባይናኩላር አየሁት። ቀኝ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፤ ዙሪያው ረጥቦ ቀልቷል። ጭልፊቱን አላየውም። በዚያ በኩል ማየት አይችልም። ፍሬውን የሚያገኘው በዳሰሳ ነበር። ራሱን ወደ መመገቢያው ቀዳዳ ይሰዳል፣ ያበጠው ዓይኑ የቀዳዳውን ጠርዝ ይነካል፣ ይወጣል። ቀጥሎ ሌላ ፊንች መጥቶ በዚያው ቀዳዳ ራሱን ሰደደ።

መመገቢያውን ካጠብኩ ስድስት ሳምንት አልፎት ነበር። ይህንን ስነግራችሁ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በሽታው ማይኮፕላዝማ በሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። ቀድሞ በዶሮና ተርኪ በሚባለው ትልቅ የቤት ወፍ ላይ የሚታወቅ ነው። ሃውስ ፊንች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1994 መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ያዩትም ወፍ የሚመግቡ ተራ ሰዎች ናቸው። "ዓይኑ ያበጠ ፊንች አየሁ" ብለው ጻፉ። ከዚያ ከየቦታው በመጣ እንዲህ ያለ መልእክት ነው ስርጭቱ በካርታ ላይ የተሳለው። በጥቂት ዓመት ውስጥ መላውን ምሥራቅ አሜሪካ አዳረሰ። በብዙ ቦታ የፊንቹ ቁጥር በግማሽ ያህል ወረደ። ከዚያ ወዲህ የተደረገ ጥናት በሽታውን የሚያዛምቱት መመገቢያ ላይ ብዙ ሰዓት የሚቀመጡት ወፎች መሆናቸውን አሳይቷል። ወስዳ የምትሄደዋንና ተቀምጦ የሚበላውን አስታወሳችሁ?

ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ግሪንፊንች የሚባል ወፍ አለ። ከ2005 ጀምሮ ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ገባበት። የታመመው ወፍ መዋጥ አቅቶት የተፋውን እህል ጤነኛው ይበላል። በየጓሮው የሞላ ወፍ የነበረው በ2021 ክፉኛ ከተመናመኑት የቀይ መዝገብ ወፎች ተርታ ገባ። በ2020 ክረምትም አሜሪካ ውስጥ ሲስኪን የሚባሉትን ትንንሽ ፊንቾች ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ፈጃቸው፤ ሰውም ከመመገቢያ ተያዘ። ብዙ ግዛቶች ሕዝቡን መመገቢያ አውርዱ ብለው ለመኑ።

"ካላያችሁ አትስቀሉ" ያልኩት ለዚህ ነው። የታመመ ወፍ ስታዩ ያንኑ ሰዓት አውርዱ። አንድ ሁለት ሳምንት ይበተኑ። እንደነገርኳችሁ፣ አይራቡም። ጤነኛ ቢመስሉም በየሁለት ሳምንቱ እጠቡ። መጀመሪያ በሳሙና ፈግፍጉ፤ ቆሻሻ ካልለቀቀ በረኪና አይሠራም። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጡና አስር ደቂቃ ዘፍዝፉት። በደንብ አለቅልቁ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እህል አትጨምሩ፤ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። ስር የወደቀውን ገለባና ኩስ አንሱ። ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ የሳህን ማጠቢያው ውስጥ አትጠቡት። አሰልቺ ነው። ግን የመመገቡ ግማሽ ሥራ ይሄ ነው፤ ይህንን የማይችል ሰው ቁጥቋጦ ቢተክልላቸው ይሻላል።

መስታወቱ ሌላው ነው። ወፍ መስታወት አያይም፤ በውስጡ የሚንጸባረቀውን ሰማይ ነው የሚያየው። በ2014 የወጣ ግምት አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት ከ365 እስከ 988 ሚሊዮን ወፍ ከሕንጻ ጋር ተጋጭቶ ይሞታል ይላል። መመገቢያውን ወይ በጣም አቅርቡ፣ ከአንድ ሜትር በታች፤ ያን ጊዜ ደንግጦ ቢነሳም ፍጥነት አይኖረውም። ወይ ከአስር ሜትር በላይ አርቁ። መካከሉ ነው የሚገድለው። መስታወቱ ላይ በውጭ በኩል በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ነጠብጣብ ለጥፉ። አንድ የጭልፊት ምስል መለጠፍ ብቻውን አይጠቅምም። ድመት ካለቻችሁ ደግሞ ቤት ትዋል።

ለወፍ የሰቀላችሁት ወፍ ብቻ አይጠራም። ጭራው የጎፈረው የዛፍ ሽኮኮ መምጣቱ አይቀርም። ሦስት ሜትር ገደማ ይዘላል፣ ገመድ ላይ ይሄዳል፣ የተቆለፈ ነገር ለሰዓታት ይመረምራል። መከላከል የፈለገ ምሰሶው ላይ የተገለበጠ ሾጣጣ ቆርቆሮ ያድርግ፤ ከዛፍም ያርቀው። እኔ ግን ጥቂት ለውዝ ለብቻው አስቀምጥለታለሁ። በበረዶ ሲቆፍር ማየት ደስ ይለኛል። ድብ ያለበት አካባቢ ከሆነ ግን ድቦች ከዋሻቸው ከመውጣታቸው በፊት መመገቢያውን አውርዱ። ሰው ደጃፍ ምግብ የለመደ ድብ መጨረሻው አያምርም።

የሌሊቶቹን ደግሞ ብዙ ሰው ጨርሶ አያውቃቸውም። እነሱን ለማየት መብራት አያስፈልግም። አዲስ በረዶ ጥሎ ባደረ ጠዋት እግራችሁን ሳታሳርፉ በፊት መመገቢያው ስር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የጀንኮ እግር እንደ ትንሽ ሹካ ሦስት ጣት ወደፊት አንድ ወደኋላ ነው። የሽኮኮው አራቱም እግሮች አንድ ላይ ያርፋሉ፣ የኋላዎቹ ከፊት ቀድመው። ቀበሮ አንድ መስመር ላይ፣ አንዱን ዱካ ከአንዱ ፊት ለፊት እያሰለፈ ያልፋል። አይጥ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ነጠብጣብ ትተዋለች፤ በመሃላቸው ጭራዋ የጎተተው ቀጭን ክር የመሰለ መስመር አለ።

ባለፈው ዓመት አንዱን የአይጥ ዱካ ተከተልኩ። ከቁጥቋጦው ስር ተነስቷል። ሱፍ ወደ ወደቀበት ቀጥ ብሎ መጥቷል። እዚያ ዞር ዞር ብላለች፤ ቅርፊት ተበትኗል። ከዚያ ወደ መጣችበት ተመለሰች። ከቁጥቋጦው አንድ ክንድ ሲቀራት ዱካው ቆመ። ቀጣይ የለውም። በግራና በቀኝ በኩል በረዶው ላይ ሁለት ሰፊ ማራገቢያ የመሰሉ ምልክቶች አሉ። ጫፋቸው ላይ የእያንዳንዱ ላባ መስመር ተለይቶ ይቆጠራል። ጉጉቱ ሲያርፍ ክንፉ የነካው ቦታ ነው። ተንበርክኬ ላባዎቹን ቆጠርኩ። ፀሐይ ስትወጣ በረዶው መሟሟት ጀመረ፣ ጠርዞቹ ጠፉ፣ ከላዬ ቅርንጫፉ ላይ ጭራዋ የጠመመ ቺካዲ መጥታ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።